የማዳም ቨርኔ እንግዳ

«አብዮት ልጆቿን ትበላለች» የሚለውን አባባል በደርግ ዘመን የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አባባሉ የተወለደው ግን በፈረንሳይ አብዮት ነው። ዛሬ የማወጋችሁም ያ አብዮት ከበላቸው ልጆች ስለ አንዱ፣ ስለ ማርኪ ደ ኮንዶርሴ ነው።

ኮንዶርሴ ከመኳንንት ተወልዶ የሒሳብ ሊቅ የሆነ ሰው ነው። ባርነትን በብዕሩ ተዋግቷል፤ በ1790 ሴቶችም እንደ ወንዶች የዜግነት መብት ይገባቸዋል ብሎ ጽፏል። አብዮቱ ሲፈነዳ ከሕዝቡ ጎን ቆመ። ንጉሡ ለፍርድ ሲቀርብ ግን ጥፋተኛነቱን ቢቀበልም የሞት ቅጣትን አጥብቆ ስለሚጠላ «ይገደል» አላለም። በ1793 ያኮባውያን የተባሉት አክራሪ አብዮተኞች ያወጡትን ሕገ መንግሥት በጽሑፍ ነቀፈ፤ የአብዮቱ ምክር ቤትም የእስር ትእዛዝ አወጣበት።

ያን ጊዜ በሯን የከፈተችለት ማዳም ቨርኔ ናት። ፓሪስ ውስጥ ክፍል እያከራየች የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከሕግ ውጭ የተባለን ሰው መሸሸግ አንገት ያስቀላል። እሷ ይህን እያወቀች ስምንት ወር ከምናምን አኖረችው።

እዚያ ተደብቆ መጀመሪያ የጀመረው ለራሱ የመከላከያ ጽሑፍ ነበር። ሚስቱ ሶፊ «ይህን ተወውና ትልቁን ሥራህን ጻፍ» ብላ መከረችው። ተቀበላት። የሰው ልጅ አእምሮ እንዴት እያደገ እንደመጣ በአሥር ዘመን ከፍሎ ጻፈ፤ አሥረኛው ገና የሚመጣው ዘመን ነው። ሞት እያደነው ስለ ነገ እኩልነት የጻፈውን ያን ምዕራፍ ሳስብ ልቤ ይነካል።

መጋቢት 1794 ላይ፣ ማዳም ቨርኔን ላለማስበላት ሊሄድ ቆረጠ። አልለቅህም አለችው። «የሱረት ዕቃዬን ከላይ ረሳሁ» ብሎ ልኳት፣ እሷ ስትወጣ ሹልክ ብሎ ሄደ ይባላል። ሜዳ ላይ ሲንከራተት ቆይቶ ክላማር በምትባል መንደር ምግብ ቤት ገባ። ስንት እንቁላል ይጠበስልህ ቢሉት «ደርዘን» በማለቱ ተጠረጠረ ብለው ይተርካሉ። ተያዘ፤ በሁለት ቀን ውስጥ በእስር ክፍሉ ሞቶ ተገኘ።

መጽሐፉ በ1795 ታተመ፤ ያሳደደው ምክር ቤት ራሱ 3000 ቅጂ ገዛ። በ1989 ፈረንሳይ ታላላቆቿን በምታሳርፍበት በፓንቴዮን ክብር ሰጠችው፤ አስከሬኑ ስለጠፋ ሣጥኑ ባዶ ነበር። እኔ ብሆን ከስሙ አጠገብ የማዳም ቨርኔንም ስም አስቀርጽ ነበር።