የዓሣን ዘር የሚያነቃው ምንድን ነው?

ዓሣ ዘሩን ውኃ ውስጥ ሲለቅ የስፐርሙን ጭራ የሚያስነሳው ምንድን ነው? ውኃው ራሱ ይመስላል፤ ማስረጃው ግን ወደ ጨው ይመራናል። ስፐርሙ በወንዱ አካል ውስጥ ሳለ አይዋኝም። ትራውት የተባለው ዓሣ የዘር ፈሳሹ በፖታሲየም የበለጸገ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ፖታሲየሙ ይሳሳል፣ በህዋሱ ሽፋን ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፣ ጭራውም መርገፍገፍ ይጀምራል። «ፈሳሹ ስለቀጠነ ነው እንጂ ፖታሲየም ምን አገባው?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞሪሳዋና ሱዙኪ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ አለ። የትራውት ስፐርም ከዘር ፈሳሹ ጋር እኩል በጠነከረ የገበታ ጨው ሙሙት ውስጥ ይዋኛል፤ ጥቂት ፖታሲየም ሲጨመርበት ግን ቀጥ ይላል።

ይህን ለዓሣ ሁሉ ማዋል ግን ስህተት ነው። ካርፕ የተባለውን ዓሣ ስፐርም የሚገታው አንድ የተለየ ጨው ሳይሆን በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ነገር ጠቅላላ መጠን ነው፤ ስኳር እንኳ በበቂ መጠን ቢሟሟ ያስቆመዋል። የብዙ የባሕር ዓሦች ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ስፐርማቸው የሚነቃው ጨዋማነቱ ሲጨምር ነው። ለዓሣ አርቢ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ንጹሕ ውኃ የካርፕን ስፐርም ቢያነቃውም እያሳበጠ ይጎዳዋል፤ ዕድሜው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ አርቢዎች በ1 ሊትር ውኃ 4 ግራም ጨውና 3 ግራም ዩሪያ በጥብጠው ከእንቁላሉና ከዘሩ ጋር ያዋህዱታል፤ ስፐርሙ ረዘም ላለ ጊዜ ይዋኛል፣ እንቁላሎቹም እርስ በርስ አይጣበቁም።