ጀርባቸውን ሰጥተው ያሸነፉት ዘጠኝ ተማሪዎች
(ለተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጀልባ ቀዘፋ ልናገር መነሣቴን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም። ከጣናና ከዝዋይ ርቀን በደጋ ለምንኖር ሰዎች ቀዘፋ ምናችን ነው? ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በአንድ ዩኒቨርሲቲ የቀዛፊዎች ቡድን ታሪክ አማካይነት ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ የኛም ጥያቄ ነው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጨዋታና የክብር ሥፍራ የሚገባው ላለው ነው ወይስ ለሚችለው?

ስለ ጀልባዋ አሠራር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ፊቱን ወደሚሄድበት አድርጎ ይቀዝፋል። በስምንት ሰው የእሽቅድምድም ጀልባ ግን ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ለሚሄዱበት ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም አንድ መቅዘፊያ ብቻ ይይዛል። መንገዱን የሚያየው ከፊታቸው የተቀመጠው ዘጠነኛው ሰው ነው፤ እርሱ መሪውን ይዞ ምቱን ይጠራል እንጂ አይቀዝፍም። እንግዲህ የሚያየው አይቀዝፍም፤ የሚቀዝፈውም አያይም። መተማመን ከሌለ ጀልባዋ አትሄድም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዘመኑን የምቈጥረው እንደ ፈረንጆች ነው።) በአሜሪካ በሲያትል ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የቀዘፋ አሠልጣኝ የነበረው ሃይረም ኮኒቤር በ1907 ሥራውን ሲጀምር ስለ ጀልባ የሚያውቀው እምብዛም አልነበረም። ነገር ግን የሰው አፅም ተውሶ በቀዛፊ ወንበር ላይ አስቀምጦ፥ ክንድና ወገብ እንዴት እንደሚታጠፍ እያጠና ራሱን አስተማረ። በ1912 ደግሞ ጆርጅ ፖኮክ የተባለውን እንግሊዛዊ ጀልባ ሠሪ ከወንድሙ ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲው ጠራ። ፖኮክ የእጅ ባለሙያ ነበር እንጂ ዲግሪ አልነበረውም፤ ሆኖም አሠልጣኞችም ተማሪዎችም ምክሩን እንደ መምህር ቃል ይሰሙ ነበር። ቡድኑ በ1923 በፖኪፕሲ ከተማ የታወቁትን የምሥራቅ ዩኒቨርሲቲዎች አሸነፈ።

ዝናው ያየለው ግን በ1936 ነው። ያን ጊዜ አሜሪካን ከባድ የኑሮ ችግር ይዟት ነበር። በአሠልጣኙ በአል ኡልብሪክሰን ጀልባ ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ የሠራተኛና የገበሬ ልጆች ነበሩ። ጆ ራንዝ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ቤተሰቡ ጥሎት ሄዶ ብቻውን ያደገ ልጅ ነው፤ ለትምህርቱ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘትም በክረምት ዕረፍት በግራንድ ኩሊ ግድብ ሥራ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ድንጋይ ይሰረስር ነበር። መሪውን የያዘው ቦብ ሞክ ደግሞ ቤተሰቡ ከአይሁድ ወገን መሆኑን ያወቀው ወደ ሂትለር አገር ሊሄድ ሲል አባቱ በጻፈለት ደብዳቤ ነው።

እነዚህ ልጆች ለኦሊምፒክ ከተመረጡ በኋላ የጉዞው ወጪ 5,000 ዶላር ካልተከፈለ ሌላ ቡድን በእነርሱ ፈንታ እንደሚሄድ ተነገራቸው። የሲያትል ሰዎች ይህን በሰሙ ጊዜ ከነጋዴው እስከ ተማሪው አዋጥተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዘቡን አሟሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የምንለው ይህን አይደለምን?

ውድድሩ የተደረገው በበርሊን አጠገብ በግሩናው፥ ነሐሴ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ከቀደሙት ስድስት የቀዘፋ ውድድሮች አምስቱን ጀርመኖች ወስደዋል፤ ሂትለርም ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ለዋሽንግተን ልጆች የደረሳቸው ነፋስ የሚበረታበት መስመር ነው። ምት ሰጪው ዶን ሂዩም ታሞ ነበርና አሠልጣኙ ሊተካው አስቦ ሳለ፥ ጓደኞቹ ያለ እርሱ አይሆንም ብለው ተከራከሩለት። በመነሻው ወደ ኋላ ቀሩ። በመጨረሻ ግን ሞክ እየጮኸ ምቱን አፈጠነው፤ ሁለቱን ሺህ ሜትርም በ6 ደቂቃ ከ25.4 ሰኮንድ ጨረሱ። ኢጣሊያ በ6 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ሁለተኛ፥ ጀርመን በ6 ደቂቃ ከ26.4 ሰኮንድ ሦስተኛ ሆኑ።

ኢጣሊያ ስል ልባችሁ ምን እንዳሰበ ዐውቃለሁ። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን በዚያው በ1928 ዓ.ም. ነበረና፥ ያቺ የስድስት ዐሥረኛ ሰኮንድ ልዩነት ደስ ብታሰኘን የሚፈርድብን የለም። ሆኖም በአንድ ጀልባ መቀደም አገራችንን ነጻ አላወጣም፤ ነጻነቱ የተገኘው በአርበኞቻችን ደምና በአምስት ዓመት ተጋድሎ ነው። ስፖርት ፖለቲካን አያውቅም የሚሉን ሰዎች ግን የግሩናውን ሰገነት ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ደግሞም ይህን ቡድን ያለ ልክ እንዳናመሰግን እንጠንቀቅ። በዚያች ጀልባ ሴት አልነበረችም። በአሜሪካ የመንግሥት ርዳታ በሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች በጾታ ማበላለጥን የከለከለው ሕግ የወጣው ገና በ1972 ነው። በ1997 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር የሴቶችን የቀዘፋ ሻምፒዮና መጀመሪያ ሲያደርግ ግን ያሸነፉት የዚሁ የዋሽንግተን ሴቶች ናቸው። ችሎታው እንዳለ ተጋርዶ የቆየው በሩ በመዘጋቱ ብቻ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ማኅበራችን ቡድን ሲመርጥ ጫማና መለያ መግዛት የሚችለውን ሳይሆን መጫወት የሚችለውን ይምረጥ። ጫማውን እኛ እናዋጣ። የመረጥናቸው መሪዎችም እነርሱ መንገዱን ስለሚያዩ ብቻ ጀልባዋ እንደማትሄድ አይርሱ፤ እኛም ስለምንቀዝፍ ብቻ መንገዱን የምናውቅ አይምሰለን።