ትንሽ ካሜራ፣ ሰፊ ዓይን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በፎቶግራፍ ክበብ አባል የተደረገ ንግግር)





ክበባችን ከአባሎቹ መዋጮ ባጠራቀመው ገንዘብ አንድ ካሜራ ለመግዛት አስቧል። የመጀመሪያ ሥራችን የተማሪዎችን አያቶች በየቤታቸው ፎቶግራፍ አንሥተን ለሚመጣው ዓመት መጽሔት ማዘጋጀት ነው። ታዲያ በግዢው ላይ ክርክር ተነሣ። ከፊሎቹ፣ «ትልቁንና ከባዱን እንግዛ፤ ትልቅ ካሜራ ያስከብራል» አሉ። ከፊሎቹም፣ «መስተዋት የሌላትን ትንሿን፣ ግን ሰፊ ሴንሰር ያላትን እንግዛ» አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። ምክንያቴንም ላስረዳችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትንሽ ካሜራ የመሻት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ በላይትስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ አስም ያስቸግረው ስለ ነበር የዘመኑን ከባድ ካሜራ ተሸክሞ መጓዝ አታከተው። ስለዚህ ለሲኒማ በተሠራው ፊልም ላይ ቁመቱ 24፣ ወርዱ 36 ሚሊሜትር የሆነ ሥዕል የምታነሣ ትንሽ ካሜራ ሠራ። ይህችም ላይካ ተብላ በ1925 ዓ.ም. በላይፕዚግ ትርዒት ላይ ቀረበች።

በኋላ ግን መስተዋት ያለበት ካሜራ ገነነ። በዚህ ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ በስተኋላ አንድ መስተዋት አጋድሎ ይቆማል። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስተዋቱን መትቶ ወደ ላይ ይመለስና በፕሪዝም አልፎ ከአንሺው ዓይን ይደርሳል። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ብድግ ብሎ መንገዱን ለብርሃኑ ይለቃል። ብልኀቱ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን መስተዋቱ የሚነሣበትና የሚወድቅበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። የካሜራው ውፍረት በብዙው የመጣው ከዚህ ነው።

በ1969 ዓ.ም. ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የሥዕል ተቀባይ ፈለሰፉ፤ ስለዚህም በ2009 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከዚህ ሥራ የተነሣ በፊልም ፈንታ ሴንሰር መጣ። ሴንሰር ያየውን ወዲያው በእስክሪን ላይ ማሳየት ስለሚችል መስተዋቱ የግድ መሆኑ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ ተስማምተው መስተዋት የሌለውን አሠራር አወጡ። ሌንሱ ከሚገጠምበት እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት ከ38.67 ወደ 19.25 ሚሊሜትር፣ ማለት ወደ እኩሌታው ወረደ። በ2013 ዓ.ም. ሶኒ ሌንሱ የሚቀያየረውን ኤ7ን ሲያወጣ፣ ባርናክ የመረጠው የ24 በ36 ሚሊሜትር ልክ መስተዋት በሌለው ትንሽ አካል ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት የወጣችው ሪኮ ጂአርም ሩብ ኪሎ የማትሞላ ስትሆን 24 በ16 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ሴንሰር ይዛለች።

የሴንሰሩ ስፋት ምን ይጠቅማል? ዝናብ ሲዘንብ በግቢያችሁ አንድ ሲኒና አንድ ሳፋ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዝናቡ አንድ ነው፤ ጊዜውም አንድ ነው፤ ነገር ግን ሳፋው ብዙ ውሃ ይይዛል። ብርሃንም እንደ ጠብታ ነው የሚወርደው። ካፊያ ሲሆን በአንዱ ሲኒ ሦስት፣ በሌላው አምስት ጠብታ ሊገባ ይችላል። በጨለማ ቤት የተነሣ ፎቶግራፍ አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው ከዚህ ልዩነት የተነሣ ነው። ብዙ ጠብታ ሲሰበሰብ ልዩነቱ ይደበዝዛል፤ ሥዕሉም ይጠራል። በርካሾቹ የኪስ ካሜራዎች የነበረው ሴንሰር ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነበር። የሪኮ ጂአር ሴንሰር የዚያ 13 እጥፍ ያህል፣ የኤ7 ደግሞ 30 እጥፍ ያህል ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራችን እንመለስ። አያቶቻችን የሚገኙት ማታ፣ ቡናው ሲፈላ፣ በአንድ አምፖል ወይም በምድጃው ብርሃን ነው። ፍላሽ ብናበራ ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ፤ የቤቱም መልክ ይጠፋል። ትልቅ ካሜራ ብንደግን እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ትንሿ ካሜራ ግን የሚመታ መስተዋት ስለሌላት ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰውን አታስደነግጥም፤ ሰፊ ሴንሰሯም ካለው ጥቂት ብርሃን ብዙ ትሰበስባለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የምናትመው ወረቀት አንድ ጊዜ የያዘውን ፊት ለልጅ ልጅ ያቆያል። ስለዚህ የሚይዘው ፊት እውነተኛው ፊት ይሁን።

ጉድለቷንም መደበቅ አይገባም። እስክሪኗ ሁልጊዜ ስለሚሠራ ባትሪ ቶሎ ትጨርሳለች። ሰፊ ሴንሰር ስፋቱን የሚሸፍን ሌንስ ይፈልጋልና፣ የሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ቢገጠምላት ትንሽነቷ ከንቱ ይሆናል። ለእግር ኳስ ውድድር ብቻ ብንገዛ ኖሮ ከትንሽነቷ ብዙ አናተርፍም ነበር። በጠራራ ፀሐይ ለሚነሣ ፎቶግራፍ ደግሞ በየኪሳችን ያለው ስልክ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጆቻችሁ አዲሱን ካልገዛችሁልን ብለው ቢያስጨንቋችሁ፣ በደኅና የተያዘ አሮጌ ካሜራ መስተዋቱ ስለ ወጣለት ብቻ እንደማይናቅ አስታውሷቸው።

ጓደኞቼ፣ ካሜራ የሚመዘነው በሚሰበስበው ብርሃንና ከሰው ጋር በሚያቀራርበው መጠን ነው እንጂ በአንገት ላይ በሚያሳየው ግዝፈት አይደለም። ክርክራችንን በዚህ ሚዛን እንድንፈርድ እለምናችኋለሁ። ውሳኔውም አይዘግይ፤ አያቶቻችን እኛ እስክንስማማ ድረስ እንዲጠብቁን ልናዛቸው አንችልምና።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!