የእኅት ልጅና የወንድም ልጅ በታሪክና በልብ ወለድ



የዛሬው ንግግር ርእስ አንዳንድ ሰዎችን ሳያስገርም አይቀርም። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አዛዦች ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እናትና ስለ ሚስትም እንዲሁ። ስለ እኅት ልጅና ስለ ወንድም ልጅ ግን፣ በተለይም ልጂቱ ሴት ስትሆን፣ ተለይቶ የሚነገርበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም የታሪክ መጽሐፍ ከፍቶ የትውልዱን ሐረግ በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ ሰው፣ ሁለት ታላላቅ ቤቶች በተገናኙበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የሚያገኛት እርሷን ነው።

ከቋንቋው መጀመር ይሻላል። አማርኛ ለእናት ወንድምም ለአባት ወንድምም «አጎት» የሚል አንድ ቃል አለው። ለእርሷ ግን የብቻዋ ስም የላትም፤ «የእኅቴ ልጅ» ወይም «የወንድሜ ልጅ» ተብላ በመጣችበት በኩል ትጠራለች። «ልጅ» የሚለውም ቃል ለወንድም ለሴትም ስለሚሆን፣ ሴት መሆኗ የሚታወቀው «መጣች» ወይም «አገባች» ሲባል ከግሡ ነው። ይህ አጠራር ድኻ ቢመስልም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በማን በኩል እንደምትዛመድ አይሸሽግም። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ባንድ ቃል ይጠሯታልና የእኅት ትሁን የወንድም አድማጩ ካልጠየቀ አያውቅም። በጣልያንኛማ ለእኅት ልጅ፣ ለወንድም ልጅና ለልጅ ልጅ የሚያገለግለው ቃል አንድ ነው።

ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው የሮማን ሕግ ይመልከት። ቄሣር ቀላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ49 የወንድሙን የጀርማኒኩስን ልጅ አግሪፒናን ሊያገባ ወደደ። የሮማ ልማድ እንዲህ ያለውን ጋብቻ እንደ ነውር ይቈጥረው ስለ ነበር፣ የሮማ መማክርት ሸንጎ አዲስ ሕግ አወጣለት። በሕጉም የወንድም ልጅን ማግባት ተፈቀደ፤ የእኅት ልጅን ማግባት ግን እንደ ቀድሞው የተከለከለ ሆኖ ቀረ። በአንድ ሰው ቁመት ልክ የተሰፋ ልብስ ማለት ይህ ነው። አግሪፒና ከፊተኛው ባሏ የወለደችውን ኔሮንን ቀላውዴዎስ ልጁ እንዲያደርገው አስወሰነች፤ ቄሣሩም በ54 ሲሞት ዙፋኑን የወረሰው ከአብራኩ የወጣው ብሪታኒኩስ ሳይሆን ኔሮን ሆነ። ያ ሕግ በ342 እስኪሻር ድረስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቈይቷል።

ዘመድ እስከ ሰባት ቤት በሚቈጠርበት በኢትዮጵያ ልማድ አጎት የእኅቱን ወይም የወንድሙን ልጅ ያገባል ብሎ ማሰብ እንኳ ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 11 ናኮር የወንድሙን የሐራንን ልጅ ሚልካን ማግባቱን ሲተርክ አንዳች ነቀፌታ አይጨምርበትም። በአውሮፓም ይህን ጋብቻ እንደ መንግሥት ፖሊሲ የያዘ ቤት ነበር። የስፔን ንጉሥ ፊልጶስ 2ኛ በ1570 የእኅቱን ልጅ አናን አገባ። የልጁ ልጅ ፊልጶስ 4ኛም በ1649 የእኅቱን ልጅ ማሪያናን አገባ። ማሪያና አስቀድሞ ታጭታ የነበረችው ለንጉሡ ልጅ ለባልታሳር ካርሎስ ነበር፤ ልጁ በ1646 ስለ ሞተ አባትየው በልጁ ስፍራ ገባ። እርሷ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እርሱ የ44 ዓመት ሰው። አገርና ርስት ከቤት እንዳይወጣ ተብሎ የተደረገው ይህ ሁሉ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ከዚህ ጋብቻ በ1661 የተወለደው ካርሎስ 2ኛ ዕድሜውን በሙሉ በሽተኛ ሆኖ ኖረ፤ በ1700ም ያለ ልጅ ሞተ፤ ስለ ውርሱም ከ1701 እስከ 1714 አውሮፓ በጦርነት ታመሰች።

ነገር ግን የእኅት ልጅ በታሪክ ውስጥ የምትገኝበት ዋናው መንገድ ይህ አይደለም። በብዛት የምትገኘው አጎቷ ሲያገባት ሳይሆን አጎቷ ሲድራት ነው። ለመዳር ሴት ልጅ የሌለው፣ ወይም ያሉትን ልጆች ቀድሞ ድሮ የጨረሰ ኃይለኛ ሰው ወደ እኅቱና ወደ ወንድሙ ቤት ይመለከታል። የፈረንሳይ ዋና ሚኒስትር የነበረው ካርዲናል ማዛራን የቤተ ክርስቲያን ሹም ስለ ነበረ ልጅ አልነበረውም፤ የሁለት እኅቶቹን ሰባት ሴቶች ልጆች ግን ከ1647 ጀምሮ ከኢጣልያ እያስመጣ ለታላላቆቹ መሳፍንት ዳራቸው። የኮንቲ ልዑል በማዛራን ላይ ካመፁት መሳፍንት አንዱ ነበር፤ በ1654 የካርዲናሉን የእኅት ልጅ አገባና ጠቡ በሠርግ ተዘጋ። ማሪ ማንቺኒ የምትባለውን ንጉሡ ሉዊ 14ኛ ራሱ ወደዳት። ማንም አጎት በዚህ ደስ ይለዋል፤ ማዛራን ግን ለንጉሡ የስፔንን ልዕልት አጭቶ ነበርና በ1659 ልጂቱን ከቤተ መንግሥት አርቆ ሰደዳት፤ በ1661 ወደ ሮማ ሄዳ የኮሎና ቤት ሰው አገባች። ይህ ለካርዲናሉ ምስጋና ይገባዋል የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። የልጂቱ ፈቃድ ተጠይቆ እንደ ሆነ ግን ብዙዎቹ አያነሡትም። የእርሷ እኅት ኦሎምፕ የወለደችው ኦይገን ደግሞ ሉዊ ሹመት ቢነፍገው ወደ ኦስትሪያ ተሻግሮ፣ ስለ ካርሎስ 2ኛ ውርስ በተደረገው በዚያው ጦርነት ፈረንሳይን ክፉኛ የመታ የጦር አዛዥ ሆነ።

ታሪክ ሠርጓን ጽፎ የሚተዋትን ሴት ልብ ወለድ አንዳንድ ጊዜ ከሠርጉ ወዲያና ወዲህ ይከተላታል። የሰርቫንቴስ ዶን ኪኾቴ አብራው የምትኖር፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት የዘመድ ልጅ አለችው። አጎቷን ያሳበዱትን መጻሕፍት ቄሱና ጸጉር አስተካካዩ ሲያቃጥሉ የግጥሞቹም መጻሕፍት አብረው ይቃጠሉ ብላ ትለምናለች፤ ነገ ደግሞ እረኛ ወይም ባለቅኔ ልሁን እንዳይል ፈርታ ነው። ሁለቱ ክፍሎች በ1605ና በ1615 ታትመዋል፤ አንባቢው አንቶኒያ የሚለውን ስሟን የሚያገኘው ግን አጎቷ ሊሞት ሲል በተናዘዘው ኑዛዜ ላይ ነው። ያለውን ሁሉ ያወርሳትና አንድ ግዴታ ይጨምርበታል፤ የምታገባው ሰው የጀብዱ መጻሕፍትን ምንነት የማያውቅ መሆን አለበት፤ የሚያውቅ ሰው ብታገባ ግን ርስቷን ታጣለች። ነገሩ ያስቃል። አንባቢ ሳቁን ሲጨርስ ግን አጎቷ ከመቃብርም ሆኖ ባሏን እንደ መረጠላት ያስተውላል።

ከዚያ ሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሶፎክልስ አንቲጎኔ የእኅት ልጅን ነገር ከሥሩ አንሥቶታል። ክሬዎን የአንቲጎኔ እናት ወንድም ነው፤ ልጁ ሐይሞንም እጮኛዋ ነው። በከተማይቱ ላይ የዘመተውን ወንድሟን ማንም እንዳይቀብረው አጎቷ አዋጅ ይነግራል፤ እርሷም ትቀብረዋለች። የእኅቱ ልጅ መሆኗ አያድናትም፤ ይልቁንም ለቤቱ ሰው አዳላ እንዳይባል ይጨክንባታል። በመጨረሻም እርሷም እጮኛዋም የክሬዎንም ሚስት ይሞታሉ። የቴአትሩ ጭንቅ ያለው በሁለቱም ወገን የቆመው የራሷ ዘመድ በመሆኑ ነው።

ይህን ጭንቅ በጽሑፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሰገሌን ዘመቻ እንደ ገና ሊያነብ ይገባዋል።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን እቴጌ ጣይቱ የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ወይዘሮ ከፈይን ለራስ መንገሻ ዮሐንስ አጋብተው ነበር፤ ዝምድናው ግን ራስ መንገሻን በ1891 ዓ.ም. ከመሸፈት አላስቀራቸውም። ከዚህ የጠለቀው ነገር የመጣው በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው። ልጅ ኢያሱ የወሎው የራስ ሚካኤልና የምኒልክ ልጅ የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ ናቸው። በአባታቸው በኩል ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ስኂን ከአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው የወለዷቸው ወይዘሮ መነን ናቸው። እንግዲህ መነን ለኢያሱ የእኅት ልጅ ነበሩ፤ በዕድሜ ግን ከአጎታቸው ይበልጡ ነበር። ከዚያም በፊት አግብተው ልጆች ወልደዋል። በ1903 ዓ.ም. እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ከሞቱ በኋላ ልጅ ኢያሱ ሥልጣኑን በእጃቸው አደረጉ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌም የእኅታቸው ልጅ ለሐረርጌው ገዢ ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ተዳሩ። የወሎ ቤትና የራስ መኰንን ቤት በአንዲት ሴት ተገናኙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በኢትዮጵያ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። «መነን አስፋው» የሚለውን ስም ከ«ኢያሱ ሚካኤል» ጋር አስተያይቶ የሚያነብ ተማሪ ሁለቱን የሚያገናኝ አንዳች ምልክት አያገኝም፤ ክሩ በእናቲቱ በኩል ያለፈ ነውና። በጥቁር ሰሌዳ ላይም የነገሥታት ሐረግ ሲሣል ወንዶቹ በመስመር ይያያዛሉ፤ ስኂንና መነን ከመስመሩ ውጭ ይቀራሉ።

ሐምሌ 20 ቀን 1908 ዓ.ም. መነን ሐረር ላይ አስፋ ወሰንን ወለዱ። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ የእናታቸው እኅት ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፤ የመነን ባል ተፈሪም ራስና አልጋ ወራሽ ሆኑ። አክስት በእኅቷ ልጅ ዙፋን ተቀመጠች፤ ባል በሚስቱ አጎት ላይ ቆመ። ከሁለት ዓመት በፊት የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር አስከትተው መጡ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ሲዋጉ ዋሉ፤ ድል ሆነው ተማረኩ፤ እስረኛ እንደ ሆኑም ዐረፉ። ንጉሥ ሚካኤል የወይዘሮ መነን አያት ነበሩ፤ ገና የሦስት ወር ሕፃን ለነበረው ለአስፋ ወሰንም ቅድመ አያቱ።

ስለ ሰገሌ የተጻፈው ብዙ ነው። የመትረየሱ፣ የአሰላለፉ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ብልሃት በዝርዝር ይተረካል፤ ይገባዋልም። በዚያ ቀን ከማንኛቸውም ወገን የድል ወሬ ቢመጣ እልል ለማለት የማይቻላት አንዲት ሴት እንደ ነበረች ግን ተማሪዎች ሲማሩት አይሰማም። ባል ቢሸነፍ ልጆቿ ይጠፋሉ፤ አያት ቢሸነፍ የእናቷ ቤት ይፈርሳል። አጎትየው ጋብቻውን የፈቀዱት ሁለቱ ቤቶች እንዳይዋጉ እንደ ሆነ፣ ቤቶቹ ሲዋጉ ከመካከል የቀረችው እርሷ ናት።

ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተይዘው ፍቼ ተቀመጡ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. እቴጌ መነን ከባላቸው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ዘውድ ሲጭኑ አጎታቸው በዚያው በፍቼ እስረኛ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ በእቴጌይቱ ስም የተጠራው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ልጅ ኢያሱ በ1928 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ሲሞቱ፣ የእኅታቸው ልጅ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት አራት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር።