የግቢው ኮንክሪት ለምን ይሰነጠቃል?

የዛሬው ንግግራችን ግቢ ውስጥ ስለሚፈሰስ ኮንክሪት ነው።

ገፈርሳን ታውቃላችሁ፤ ከቡራዩ አጠገብ፣ ግድቡ ያለበት አገር ነው። ደጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። የግቢውን ኮንክሪት ማለዳ በባዶ እግር ብትረግጡት ይቀዘቅዛል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብትረግጡት ይፋጃል።

ኮንክሪት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲበርድ ይኮማተራል። ስንት ያህል? 10 ሜትር የሚረዝም ኮንክሪት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲቀንስ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል።

«2 ሚሊ ሜትር ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ኮንክሪት ቢጫኑት ይችላል፤ ቢስቡት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ሊኮማተር ሲል ከሥሩ መሬቱ፣ ከዳሩ ግድግዳው ይይዘዋል። ያን ጊዜ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ውሃው በስንጥቁ ይሰርጋል፤ አፈሩን ይሸረሽራል፤ ኮንክሪቱም ይሰምጣል። ለሲሚንቶ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስንጥቅን ፈጽሞ መከልከል ያስቸግራል። የሚሰነጠቅበትን ቦታ መምረጥ ግን ይቻላል።

አንደኛ፣ ኮንክሪቱን በመስመር ክፈሉት። ውፍረቱን በ30 አባዙ። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 10 × 30 = 300 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 3 ሜትር ነው። መስመሮቹ ከዚህ በላይ አይራራቁ። የመስመሩ ጥልቀት የውፍረቱ ሩብ ይሁን፤ ይኸውም 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ኮንክሪቱ ሳይጠነክር መስመሩን አውጡ። ስንጥቁ ሲመጣ መስመሩን ይዞ ይወርዳል፤ ግቢውን አያበላሽም።

ሁለተኛ፣ ኮንክሪቱን ከግድግዳው ጋር አታጣብቁት። በመካከል ቀጭን ጣውላ አቁሙ። ሲጠነክር ጣውላውን አውጥታችሁ ክፍተቱን በሬንጅ ሙሉት።

ሦስተኛ፣ አዲስ ኮንክሪት ቶሎ ሲደርቅም ይኮማተራል። ስለዚህ ለ7 ቀን አይድረቅ። ቀን ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፤ ውሃም አጠጡት። ሌሊት ብርዱ ከጠና በጆንያው ላይ ላስቲክና ገለባ ጨምሩበት።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። የአንድ ግቢ ርዝመት 9 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ነው። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በስንት ክፍል ይከፈላል? ሥዕሉን ሥላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ግንበኛ ስትጠሩም ሥዕሉን አሳዩት።

ደህና ሁኑ!