ዜማ ከወዴት ይመጣል?



እኛን የሙዚቃ ክበብ አባላትን ብዙ ሰዎች፣ «ዜማውን ከወዴት ታመጡታላችሁ?» እያሉ ይጠይቁናል። ከሕዝቡ ነው የምናመጣው። ከ4ቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ 2ቱ የተሰየሙት በወሎ አገሮች ስም ነው። እያንዳንዱ ቅኝት በ5 ድምፅ ብቻ ሲሠራ ለሐዘኑም ለሠርጉም ይበቃል። መሰንቆም ከፈረስ ጭራ በተሠራ ባንድ ክር ልብን ያባባል። ስለዚህ መሣሪያ አነሰን ብለን አናማርር። አያቶቻችን ልጅ ሲያባብሉና እህል ሲፈጩ ያዜሙትን ካልተማርነው ግን አብሯቸው ይቀበራል። እንግዲህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፣ እያንዳንዳችን ካንድ ሽማግሌ ወይም ካንዲት አሮጊት አንድ ዜማ ተምረን እንመለስ። የነገው ዘፈናችን ከዚያ ይወለዳል።

ረዥም ዕድሜ ለትምህርት ቤታችን!