ጉምና ፈጣን መንገድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



የመረጥነው ርእስ፥ በፈጣን መንገድ ላይ ጉም ሲወርድ ብዙ መኪናዎች አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ስለሚጋጩበት አደጋ ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ይህ የሾፌሮች ጉዳይ ነው፤ ለተማሪ ምኑ ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አውቶቡስ የማይሳፈር ተማሪ፥ ልጁን መንገድ የማይሰድ ወላጅ በመካከላችን የለም። ደግሞም ነገሩን ስንመረምረው፥ በፊዚክስ ክፍል ከተማርነው ሌላ፥ ሰው ከሰው ጋር እንዴት መስማማት እንዳለበት የሚያስተምር ሆኖ አገኘነው።

በመጀመሪያ፥ ጉም ምንድን ነው? ጉም ምድር ላይ ያረፈ ደመና ነው። አየር ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ደቃቅ የውሃ ጠብታ ይለወጣል፤ ጠብታዎቹም ብርሃንን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ዓይናችን የሩቁን ነገር ለይቶ ማየት ይሳነዋል። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ጉም የሚሉት ከ1,000 ሜትር በላይ አሻግሮ ማየት ሲያቅት ነው። ጉም በየስፍራው እኩል አይደለም። በሸለቆና በወንዝ ዳር ይበረታል፤ ስለዚህ ፀሐይ በሞላበት መንገድ የመጣ ሾፌር ቁልቁል ሲወርድ በድንገት እንደ ነጭ ግድግዳ ያለ ነገር ውስጥ ይገባል።

እስቲ አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፥ መኪናው ፍጥነቱን ምንም ሳይቀንስ 42 ሜትር ያህል ሄዷል። ከዚያም በኋላ መንገዱ ደረቅ፥ ፍሬኑም ደኅና ቢሆን፥ ለመቆም ሌላ 55 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ ባንድነት 97 ሜትር መሆኑ ነው። ታዲያ ጉሙ የሚያሳየው 50 ሜትር ብቻ ቢሆንስ? ፍሬኑ የሚሠራው በመጨረሻዎቹ 8 ሜትሮች ላይ ብቻ ስለሚሆን፥ መኪናው ፊት ለፊቱ ከቆመው ጋር የሚላተመው ገና ከ90 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ነው። ያው ሾፌር በ50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ኖሮ ግን በ35 ሜትር ያህል ውስጥ ይቆም ነበር። ጉም አስፋልቱን ሲያረጥበው፥ መኪናውም ከባድ ጭነት የያዘ ሲሆን፥ የሚያስፈልገው ርቀት ከዚህም ይበልጣል።

ጉም ማየትን መከልከል ብቻ ሳይሆን ያታልላልም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 የታተመ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት፥ በጉም ውስጥ የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት ከእውነተኛው ርቀት በአማካይ 60 በመቶ ያህል ርቆ እንደሚገመት አሳይቷል። እንዲህ ከሆነ 30 ሜትር ላይ ያለው መኪና 48 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል ማለት ነው። ሾፌሩም ያንን ቀይ መብራት እንዳያጣው ፈርቶ ይጠጋዋል። መንገድ መሪ ያገኘ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የፊተኛው ቢጋጭ እርሱም ለመቆም ስፍራ የለውም።

ይህ ሁሉ በተግባር እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት አንድ የታወቀ አደጋ እንጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታኅሣሥ ወር 1990፥ በ11ኛው ቀን፥ በአሜሪካ በቴነሲ ክፍለ ሀገር፥ ካልሁን በምትባል ከተማ አጠገብ፥ ኢንተርስቴት 75 በሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ ጠዋት ጉም ወረደ። አንድ የጭነት መኪና ስለ ጉሙ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሌላ የጭነት መኪና ከኋላው መጥቶ ገጨው። ልብ በሉ፤ በዚህ የመጀመሪያ ግጭት ሾፌሮቹ አልተጎዱም፤ የደረሰውን ጉዳት ለማየት በእግራቸው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት አውቶሞቢል የኋለኛውን መኪና ገጨች፤ እርሷንም ሌላ የጭነት መኪና ከኋላ መታት፤ እሳትም ተነሣ። በዚያው ሰዓት በመንገዱ ማዶ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄዱትም እንዲሁ እርስ በርሳቸው ይጋጩ ጀመር። በመጨረሻ በአደጋው የገቡት ተሽከርካሪዎች 99 ሆኑ፤ 12 ሰዎች ሞቱ፤ 42 ሰዎች ቈሰሉ።

የአገሩ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ነገሩን መርምሮ የሰጠው ፍርድ እጅግ አስደነቀን። የአደጋው ምክንያት ሾፌሮቹ በድንገት ማየት በተሳናቸው ጊዜ እጅግ በተለያየ ፍጥነት መንዳታቸው ነው አለ። እንግዲህ ገዳዩ ጉሙ ብቻ አይደለም፤ በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ «አላይም» ብሎ ፍሬን ይረግጣል። ሌላው «ብቀንስ ከኋላ ይመቱኛል» ብሎ በፍጥነቱ ይጸናል። ሦስተኛው ግራ ገብቶት በመንገዱ መካከል ይቆማል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ሦስቱ በአንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን ይጠፋፋሉ።

እንዲህ ያለው አደጋ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በመጋቢት ወር 1991 በእንግሊዝ አገር ሀንገርፎርድ አጠገብ በኤም 4 መንገድ ላይ በጉም 51 ተሽከርካሪዎች ተጋጭተው 10 ሰዎች ሞተዋል። ብዙ ወገኖቻችን ለሥራ በሚሄዱበት በዓረብ ባሕረ ሰላጤም፥ በመጋቢት ወር 2008 በአቡ ዳቢና በዱባይ መካከል ከ200 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች በጉም ውስጥ ተደራርበዋል። በረሓ ጉም የለውም የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ከባሕር የሚመጣው እርጥብ አየር ሌሊት በቀዘቀዘው አሸዋ ላይ ሲያርፍ ጉም ይሆናልና።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ምክንያቱ የፍጥነት ልዩነት ከሆነ፥ መድኃኒቱ ሁሉንም በአንድ ልክ ማስኬድ ነው። በቴነሲ በ1993 በዚያው መንገድ ላይ ጉምን የሚለዩ መሣሪያዎች ተተከሉ፤ ጉሙ ሲወፍር የመንገዱ ምልክቶች የተፈቀደውን ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ እጅግ ሲከፋም መንገዱ ይዘጋል። በአቡ ዳቢም ፖሊስ በጉም ጊዜ በፈጣን መንገዶች ላይ የፍጥነቱን ወሰን ወደ 80 ኪሎ ሜትር ዝቅ የማድረግ ሥርዓት አቁሟል።

ምልክት በሌለበት መንገድ ግን ሾፌሩ ራሱ ማሰብ አለበት። ጉሙን ከሩቅ ሲያይ ከመግባቱ በፊት በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስ እንጂ ከገባ በኋላ በድንገት ፍሬን አይያዝ። ረጅሙን መብራት አያብራ፤ ብርሃኑ ከጠብታዎቹ ተመልሶ የራሱን ዓይን ይጋርደዋልና። ከፊተኛው መኪና ይራቅ። መቆም ካስፈለገው ከመንገዱ ፈጽሞ ይውጣ። ግጭት ከደረሰ ደግሞ ማንም ሰው በመኪናዎች መካከል ቆሞ ጉዳት አይመልከት፤ መውረድ እንደ ተቻለ ከብረቱ መከላከያ ማዶ ይራቅ፤ የሚከተለው መኪና እየመጣ ነውና።

በአገራችን ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የመጀመሪያው ፈጣን መንገድ የተከፈተው በ2014 ነው። መንገድ እየሰፋ በሄደ መጠን ፍጥነትም ያድጋል። ጣርማ በርን ያቋረጠ መንገደኛም የደጋ ጉም ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ስለዚህ ትምህርቱን ከአደጋው በፊት መማር ይሻለናል።

እኛ ተማሪዎች ገና መሪ አልጨበጥንም። ነገር ግን ተሳፋሪዎች ነን፤ ተሳፋሪም ድርሻ አለው። ሾፌሩ በጉም ውስጥ ሲያዘግም «ንዳው እንጂ! መሸብን!» የሚለው ድምፅ ከማን ነው የሚመጣው? ከእኛው ነው። እንደ ደረሰም «ለምን ዘገየህ?» ብሎ የሚቈጣው ማን ነው? የሚጠብቀው ቤተ ሰብ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ መንገድ ላይ የፈሰሰውን ግን ማንም አይለቅመውም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ በጉም የሚያዘግመውን ሾፌር አናጣድፈው። ውድ ወላጆች ሆይ፥ እናንተም በጉም ቀን ዘግይቶ የደረሰውን ልጃችሁን ሳትቈጡ ተቀበሉት።